በጀርመን የቱርክ ሱቅ ገብቶ ምሳ መብላትና አስቤዛ መሸመት፦ ደረጃ በደረጃ

ጀርመን የምንኖር ሐበሾች አብዛኛውን አስቤዛችንን የምንገዛው ከቱርክ ሱቅ ነው። ምስሩ፣ የሽንኩርቱ ጆንያ፣ ጎመኑ፣ የበጉ ሥጋ እዚያ አለ። አዲስ የመጡ ልጆች ግን ያንኑ ስህተት እየደጋገሙ ወደ እኔ ይመጣሉ። አንዷ የቲማቲም ሳልሳ መስሏት የበርበሬ ሳልሳ ገዝታለች። ሌላው በዓቢይ ጾም «ሩዝ ነው» ብሎ ቅቤ በልቷል። አንዱ ለዶሮ ወጥ የገዛውን ዶሮ በመጥረቢያ ከትክተው ሰጥተውታል። የሁሉም መነሻ አንድ ነው፦ ቋንቋው ስለሚያስፈራን ለተጠየቅነው ሁሉ «ያ፣ ያ» (አዎ፣ አዎ) እያልን ራሳችንን እንነቀንቃለን።

ይህን የጻፍኩት በፍራንክፈርት ዋናው ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ሙንሸነር ሽትራሰ ላይ ያሉትን ዓይነት ሱቆች እያሰብኩ ነው። ደጃፉ ላይ አትክልት ተደርድሯል፣ መሀሉ ደረቅ እህል ነው፣ ጥግ ላይ ሥጋ መሸጫ አለ፣ በአንድ በኩል ደግሞ ሁለት ሦስት ጠረጴዛ ያላት የምሳ ባንኮኒ አለች። በርሊንም ኮለንም ብትሆኑ አሠራሩ ተመሳሳይ ነው።

1. ከቤት ሳትወጡ

ቀኑን አረጋግጡ። እሑድና በሕዝብ በዓላት ሱቆቹ በአብዛኛው ዝግ ናቸው። በተለይ የእኛና የእነሱ ፋሲካ በአንድ ቀን ሲውል፣ በፈረንጅ 2025 እንደሆነው፣ ስቅለት ዓርብ፣ እሑድና ሰኞ ይዘጋሉ። የምትገዙበት ቀን ቅዳሜ ብቻ ይሆናል፤ በዚያ ቀን ደግሞ ሥጋ መሸጫው ፊት ያለው ሰልፍ አያድርስ ነው። የበዓል ሥጋ እስከ ረቡዕ ገዝታችሁ በረዶ ቤት አስገቡ።

ሰዓቱን ምረጡ። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ12 እስከ 2 ሰዓት ባንኮኒዋ ትጨናነቃለች፤ ሠራተኛው ለማስረዳት ጊዜ የለውም። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ድረሱ። ምግቡ ወጥቷል፣ ሰዉ ገና አልመጣም። መስጊድ አጠገብ ያለ ሱቅ ከሆነ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ አትሂዱ። በረመዳን ደግሞ ባንኮኒዋ የምትከፈትበት ሰዓት ሊለወጥ ስለሚችል ለምሳ ብላችሁ ብቻ ከሩቅ አትምጡ።

የሚያዘው ይህ ነው፦ ቢያንስ 20 ኦይሮ ጥሬ ገንዘብ (ለትንሽ ሒሳብ ካርድ የማይቀበሉ ብዙ ናቸው)፣ ሁለት ጠንካራ ከረጢት፣ በበጋ ደግሞ ለሥጋው የምግብ ማቀዝቀዣ ቦርሳ። የምትፈልጉትን ዕቃ በአማርኛ ጻፉና አጠገቡ ከታች የማስቀምጣቸውን የቱርክ ስሞች አስፍሩ። ጥቅሉ ላይ የሚታተመው የቱርክ ስሙ ነው፤ ጀርመንኛው ብዙ ጊዜ ከኋላ በደቃቅ ፊደል ይጻፋል።

2. መጀመሪያ ብሉ፣ ከዚያ ሸምቱ

ይህን ቅደም ተከተል አትገልብጡት። ሥጋና አይብ ገዝቶ ከዚያ ምሳ የሚቀመጥ ሰው ሥጋውን ጠረጴዛ ሥር ሙቀት ላይ ያቆየዋል። ያልተከፈለበት ቅርጫት ይዞ ባንኮኒ ላይ መቀመጥም ያስቸግራል፤ ባንኮኒዋ ብዙ ጊዜ የራሷ ሒሳብ ስላላት የሱቁን ዕቃ እዚያ መክፈል አትችሉም። ስለዚህ፦ ምሳ፣ ደረቅ እህል፣ አትክልት፣ አይብና ቅቤ፣ በመጨረሻ ሥጋ፣ ከዚያ ቀጥታ ሒሳብ።

3. የምሳዋ ባንኮኒ

ሰላምታ ስጡ። ሥራ ላይ ላለ ሰው የሚባለው «ኮላይ ገልሲን» ነው፤ እኛ «ያበርታህ» እንደምንለው ነው። ወንዱን «አቢ» በሉት፣ ወንድም ጋሼ እንደማለት ነው። ምግብ የሚሠራውን ወይም ሥጋ የሚቆርጠውን «ኡስታ» ብትሉት ባለሙያነቱን አከበራችሁለት ማለት ነው። በዕድሜ የገፉ ሴት ከሆኑ «ተይዜ»፣ አክስቴ ነው። ይህን ያህል ከተናገራችሁ ሰውየው ፊቱን ወደ እናንተ ያዞራል፤ የቀረውን በጀርመንኛም በጣትም ትግባባላችሁ።

ከመስታወቱ ጀርባ ያለውን አይታችሁ ጨርሱ፣ ከዚያ ተሰለፉ። ተራችሁ ሲደርስ የሚመጡት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፤ ለሦስቱም «ያ» መልስ አይሆንም።

አንደኛው «እዚህ ወይስ ይዛችሁ?» ነው። በቱርክኛ እዚህ «ቡራዳ»፣ ይዞ መሄድ «ፓኬት» ነው። በጀርመንኛ «ሂር» ወይም «ሚትነመን»።

ሁለተኛው ዶነር (ተጠብሶ የተከተፈ ሥጋ በዳቦ) ወይም ላህማጁን (የተፈጨ ሥጋ የተቀባ ስስ ቂጣ) ስታዙ የሚመጣው «ሚት አሌስ?» ነው፤ ሁሉም ይግባ ወይ ማለት ነው። ሁሉም ማለት ሰላጣ፣ ጥሬ ሽንኩርት፣ ጎመን፣ ቲማቲም ነው። የማትፈልጉትን «ኦነ» (ያለ) ብላችሁ ስሙን ጥሩ፤ «ኦነ ጽዊበል» ሽንኩርት ይቅር ነው።

ሦስተኛው ስጎው ነው። ሦስት ዕቃ ተደርድሮ ታያላችሁ፦ ቅጠላ ቅጠል ያለው፣ ነጭ ሽንኩርት ያለው፣ ቀዩ የሚያቃጥለው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እርጎ ወይም ማዮኔዝ አለባቸው። «ሻርፍ?» ሲሉ ያቃጥል ወይ ማለታቸው ነው። የእኛ ሰው ሚጥሚጣ ስለለመደ አይፈራውም፤ ቢሆንም ትንሽ አስደርጉና ቅመሱት፣ ጨዉ ከሚጥሚጣው ይበልጣል።

በጾም ቀን

ረቡዕና ዓርብ ወይም በዓቢይ ጾም ከሄዳችሁ አንድ ቃል ብቻ ያዙ፦ «ቬጋን»። በቱርክኛም በጀርመንኛም ያው ነው፤ ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላል የጸዳ ማለት ነው። «ቬጌታሪሽ» ብላችሁ አትጠይቁ። ያ ሥጋ የለውም እንጂ ቅቤና አይብ ሊኖረው ይችላል፤ በጾም የተሳሳቱት ልጆች ሁሉ የጠየቁት በዚህ ቃል ነው።

እነዚህን ሳትጠይቁ አትብሉ። ፒላቭ የሚባለው ሩዝ አብዛኛውን ጊዜ በቅቤ ነው የሚቁላላው፤ በውስጡ ቡናማ የፓስታ ፍንካች ካያችሁ ያ ብዙ ጊዜ በቅቤ የተጠበሰ ነው። የምስር ሾርባው፣ መርጂመክ ቾርባ፣ ጾም ይመስላል፤ ግን በሥጋ መረቅ ሊሠራ ይችላል፣ ሲቀርብም በርበሬ የተቁላላበት ቅቤ ከላይ ጠብ ይደረግበታል። ኩሩ ፋሱልዬ የሚባለው የነጭ ቦሎቄ ወጥ ውስጡ ሥጋ ሊኖረው ይችላል። የስፒናች ቦረክ (በስስ ሊጥ ተጠቅልሎ የሚጋገር) ብዙ ጊዜ አይብ ይገባበታል። ፒዴ ዳቦ ከላይ ብዙ ጊዜ እንቁላል ወይም እርጎ ይቀባል፤ የሚያብረቀርቀው ለዚያ ነው።

ብዙ ጊዜ ለጾም የሚሆኑት ደግሞ በዘይት ተሠርተው ቀዝቅዘው የሚቀርቡት ናቸው፤ «ዘይቲንያል» ይሏቸዋል። በሩዝ የተሞላ የወይን ቅጠል፣ ባቄላ በወይራ ዘይት፣ ደበርጃን። ጀርመን ውስጥ የሚሸጠው ቺ ኮፍቴ ስሙ ጥሬ ሥጋ ቢሆንም የሚሠራው ከቡልጉር (ተቀቅሎ ከደረቀ የስንዴ ፍንካች) እና ከሳልሳ ነው፤ ላቫሽ በሚሉት ስስ ቂጣ ተጠቅልሎ ከሎሚ ጋር ሲመጣ ሆድ ይይዛል። የወይን ቅጠሉንም ቢሆን «ቬጋን?» በሉ፤ ሥጋ የገባበትም አለ።

በሙስሊም የታረደ ሥጋ የማትበሉ ከሆነ ደግሞ ይህን ከቤት ወስናችሁ ውጡ። እዚህ ያለው ሥጋ በሙሉ፣ ዶነሩም ሾርባው ውስጥ ያለውም፣ ሐላል እንደሆነ ቁጠሩት። ያኔ በፍስክም ቀን ከላይ ያሉት የዘይት ምግቦች፣ ከአይብ ቦረክና ከእንቁላል ጋር፣ ይበቋችኋል። ሙስሊም ሆናችሁ አስተራረዱን በጥንቃቄ የምትከታተሉ ከሆነ፣ በጀርመን ሕግ እንስሳ ሳይደነዝዝ ማረድ ያለ ልዩ ፈቃድ ስለማይቻል፣ ሥጋው ከየት እንደመጣና የትኛው ተቋም እንዳረጋገጠው ጠይቁ። ነገሩ ለእነሱም የተለመደ ጥያቄ ነው።

ስህተት ከተፈጠረ፦ የተሰጣችሁ ያላዘዛችሁት ከሆነ ሳትነኩት ወዲያው መልሱት። አንዴ ከጎረሳችሁ በኋላ መከራከር ያስቸግራል። ከጎረሳችሁ በኋላ ቅቤ መሆኑ ከገባችሁ ደግሞ አስቀምጡትና ሌላ እዘዙ፤ ሰውየው ላይ አትቆጡ፣ አላወቀም።

አይራን ስትጠጡ ጨው እንዳለው እወቁ። ጣፋጭ እርጎ ጠብቆ የሚጎነጭ ሰው ይደነግጣል። ሻዩ፣ ቻይ፣ ያለ ወተት በወገበ ቀጭን ብርጭቆ ይመጣል፤ ብርጭቆው ጆሮ ስለሌለው ከከንፈሩ ላይ ያዙት። ስትነሱ «ኤሊኒዜ ሳሊክ» በሉ፤ እጃችሁ ይባረክ እንደማለት ነው።

4. ደረቅ እህልና ቅመም፦ መልክ የሚያታልልበት ቦታ

ቀስ በሉ፤ ከዚህ በኋላ የሚበላሸው ወጥ የሚበላሸው እዚህ መደርደሪያ ላይ ነው።

ሳልሳ። በቱርክኛ «ሳልቻ» ይባላል፤ ከእኛ ሳልሳ ጋር ስለሚመሳሰል ደስ ብሎን ያገኘነውን ቆርቆሮ እናነሳለን። ሁለት ዓይነት አለ። «ዶማተስ ሳልቻስ» ቲማቲም ነው። «ቢበር ሳልቻስ» ቀይ በርበሬ ነው፣ ጨውም ይበዛበታል። ቆርቆሮዎቹ ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ ሁለቱም ቀይ ናቸው፣ መጠናቸውም አንድ ነው። ልዩነቱ ሥዕሉ ነው፦ ክቡ ቲማቲም፣ ረዘም ያለው በርበሬ። እኔም በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሙሉ ድስት ምስር ወጥ በቢበር ሳልቻ ሠርቼ ነበር፤ ጨው ገና ሳልጨምር ጨው ሆነ። ይህ ከደረሰባችሁ ጨው ያልነካው የተቀቀለ ምስር ጨምራችሁ አብዙት እንጂ ውኃ አትጨምሩ፤ ውኃ ቢጨመር ወጡ ይቀጥናል እንጂ ጣዕሙ አይስተካከልም። የተከፈተውን የበርበሬ ሳልሳ አትጣሉት፣ ለጥብስ በጣት ጫፍ ብትጨምሩት ይሆናል።

ምስር። «ክርምዝ መርጂመክ» ለቀይ ወጥ የሚሆነው ክክ ምስር ነው። «የሺል መርጂመክ» አረንጓዴው ድፍን ምስር ነው፤ ለአዚፋ ይህን ያዙ።

ሽምብራ። «ኖሁት» ሽምብራ ነው። «ኖሁት ኡኑ» የሽምብራ ዱቄት ነው፤ ግን ሽሮ አይደለም። አልተቆላም፣ ቅመምም የለውም። ሽሮ ካለቀባችሁና በዚህ መሥራት ካለባችሁ ሽታው እስኪለወጥ ድረስ በደረቅ መጥበሻ በቀስታ ቁሉት፣ ከዚያ በርበሬና ቅመማችሁን ጨምሩ። ሳይቆላ ከሠራችሁት ጥሬ ጥሬ ይላል። «ለብለቢ» የተቆላ ሽምብራ ነው፤ ለቡና ቁርስ ቆሎ ካማራችሁ ስኳር የሌለበትን ያዙ።

ስንዴ። ቡልጉር ቀድሞ ተቀቅሎ የደረቀ ነው፤ ለቅንጬ ተለቅ ያለውን ፍንካች ብትወስዱ ይሆናል፣ ግን ቶሎ ስለሚበስል በለመዳችሁት የውኃ መጠን ካበሰላችሁት ይላቁጣል። ደቃቁ ለኮፍቴ ነው፣ ለቅንጬ አትውሰዱት። «አሹሬሊክ ቡዳይ» የተፈተገ ስንዴ ነው፤ ለንፍሮ የሚሆነው እሱ ነው።

ቅመም። «ቾሬክ ኦቱ» ጥቁር አዝሙድ ነው። «ቸመን ኦቱ» አብሽ ነው። «ኪምዮን» ከሙን ነው፤ ነጭ አዝሙድ አይደለም፣ ነጭ አዝሙድ ከሐበሻ ሱቅ ግዙ። «ካኩሌ» ሄል ነው፤ ኮረሪማን አይተካም። «ፑል ቢበር» የተፈነካከተ ቀይ በርበሬ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጨውና ዘይት ተነክቶበታል። ይህን በበርበሬ ፋንታ ወጥ ውስጥ የጨመረ ሰው ቀለሙን ያገኛል፣ ጣዕሙን አያገኝም። ቅመም በግልጽ ጆንያ ከተቀመጠ ሽታውን ሳታዩ አትግዙ፤ አሮጌ አብሽ አይሸትም።

ቂጣ። «ላቫሽ» የበሰለ ነው፣ ይጠቀለልበታል። «ዩፍካ» ብዙውን ጊዜ ለቦረክ የሚሆን ስስ ሊጥ ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ ከሆነ ሊጡ ነው፤ ሳምቡሳ ለመሥራት ግን እሱ ሥራ ያቀላል።

5. አትክልት

የሽንኩርቱ ጆንያ 5 ወይም 10 ኪሎ ነው። ከማንሳታችሁ በፊት ሥሩን በእጃችሁ ዳብሱ፤ እርጥብ ከሆነ አንዱ በስብሷል ማለት ነው፣ በሳምንት ሁሉንም ያዳርሳል። ለጎመን «ካራላሃና» ፈልጉ፤ ጥቁር አረንጓዴ ሰፊ ቅጠል ነው፣ ለእኛ ጎመን ከሁሉም የሚቀርበው እሱ ነው። «ፓዝ» ቆስጣ ነው። «ሲቭሪ ቢበር» ቀጭኑ ረጅሙ ቃሪያ ነው፤ የሚያቃጥለውም የማያቃጥለውም በአንድ ሳጥን ሊቀመጥ ስለሚችል «አጅ ም?» (ያቃጥላል?) ብላችሁ ጠይቁ።

6. አይብና ቅቤ

የእኛን አይብ የሚመስለው «ሎር» ነው፤ ፍርፍር ያለ፣ ጨው የሌለው ወይም ትንሽ ብቻ ያለው። «በያዝ ፔይኒር» ነጭ ስለሆነ ብቻ አትውሰዱት፤ በጨው ውኃ የተቀመጠ ነው። ክትፎ አጠገብ ቢቀርብ ሁሉን ነገር ጨው ያደርጋል። ተሳስታችሁ ከገዛችሁት ቆራርጣችሁ በንጹሕ ውኃ ነክራችሁ አሳድሩት፣ ውኃውን ሁለቴ ቀይሩ፤ ጨዉ ይቀንሳል።

ቅቤ ለማንጠር «ተሬያ» የሚለውን ፈልጉ፣ ጨው የሌለውን። አጠገቡ ያው ወርቃማ ወረቀት ያለው ማርጋሪን ይቀመጣል፤ ዋጋው ረከስ ያለው እሱ ነው። ማርጋሪን በኮረሪማና በኮሰረት ብታነጥሩት ዘይት ነው የሚሆነው። በጾም የሚፈለግ ማርጋሪን ቢሆንም ወተት ያለበት አለና ያኔም «ቬጋን» የሚል ጽሑፍ ፈልጉበት።

የወይራ ፍሬና አይብ በሚዛን በሚሸጥበት መስታወት ላይ የተጻፈው ዋጋ ብዙ ጊዜ የ100 ግራም ነው። 1.50 ካያችሁ ኪሎው 15 ኦይሮ ነው። መቅመስ ትችላላችሁ፣ ጠይቁ።

7. ሥጋ መሸጫው

ተራ የሚያዝበት ቁጥር ካለ ውሰዱ፤ ከሌለ ከፊታችሁ ማን እንዳለ አይታችሁ ያዙት። ሲደርስ በዚህ ቅደም ተከተል ተናገሩ፦ የምኑ ሥጋ፣ የትኛው ብልት፣ አጥንት ያለው ወይስ የሌለው፣ ስንት፣ እንዴት ይቆረጥ።

የምኑ፦ «ኩዙ» ጠቦት፣ «ኮዩን» ጠረኑ ከበድ የሚል የበግ ሥጋ፣ «ዳና» የወይፈን ሥጋ። ብልት፦ «ቡት» የኋላ ታፋ፣ «ኮል» የፊት እግር፣ «ገርዳን» አንገት። «ከሚክሊ» አጥንት ያለው፣ «ከሚክሲዝ» አጥንት የሌለው። «ቢር ኪሎ» አንድ ኪሎ፣ «ያርም ኪሎ» ግማሽ ነው። ለጥብስ «ኩዙ ቡት፣ ከሚክሲዝ»፣ ለቅቅል «ገርዳን፣ ከሚክሊ» በሉ። ለዱለት «ጂየር» ጉበት ሲሆን «ኢሽከምቤ» ጨጓራ ነው። ጨጓራው ብዙ ጊዜ ታጥቦ ነጥቶ፣ አንዳንዴም ቀድሞ ተቀቅሎ ስለሚመጣ በእሳት ላይ የሚቆይበትን ጊዜ ቀንሱ።

ጥብስ ካላችሁ ሰውየው «ኩሽባሽ?» ይላል። ቃሉ የወፍ ራስ ማለት ነው፤ ሥጋውን የሚቆርጠው በዚያ ልክ ነው፣ ለእኛ ጥብስ ግን ይተልቃል። አንዷን ቁራጭ በሁለት ጣቱ አንሥቶ ቅንድቡን ከፍ አድርጎ ያሳያችኋል። «ያ» የምትሉበት ጊዜ አይደለም። የትንሽ ጣታችሁን ጫፍ አሳዩትና «ዳሃ ኩቹክ» (ከዚህ ያነሰ) በሉት። መጀመሪያዋ ቁራጭ ላይ ካልተናገራችሁ ኪሎው ሁሉ በዚያ ልክ ያልቃል።

ዶሮ። እዚህ ነው ብዙ ሰው የሚያዝነው። «ልቁረጠው?» ሲሉ እሺ ካላችሁ በመጥረቢያ ወይም በመጋዝ አጥንቱን እየሰባበሩ ይከታትፉታል፤ ወጡ ውስጥ የአጥንት ስባሪ ይገባል፣ 12 ብልትም አይወጣም። «ጋንዝ» ወይም «ቡቱን» በሉ፣ ሙሉውን ማለት ነው። ቤት ወስዳችሁ በመገጣጠሚያው ገነጣጥሉት። ተራው ዶሮ ወጥ ውስጥ ቶሎ ይፈርሳል፤ እንቁላል የጣለችውን አሮጊት ዶሮ በጀርመንኛ «ሱፐንሁን» ብላችሁ ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ በረዶ ቤት ነው የምትገኘው። እሳት ላይ ረዘም ትላለች እንጂ ቅርጿን ትጠብቃለች። አስቀድሞ ከተከታተፈባችሁ ሥጋውን ለብ ባለ የጨውና የሎሚ ውኃ እያጠባችሁ እያንዳንዱን ቁራጭ በጣት ዳብሱ፣ ስባሪውን አውጡ።

የተፈጨ ሥጋ። «ክይማ» ይባላል። መስታወቱ ውስጥ ተፈጭቶ የተቀመጠው የበግና የከብት ድብልቅ ሊሆን ይችላል። ንጹሕ የከብት ከፈለጋችሁ ቁራጩን ራሳችሁ መርጣችሁ «ቡኑ ክይማ ቸከር ሚሲኒዝ?» (ይህን ትፈጩልኛላችሁ?) ብላችሁ ፊታችሁ አስፈጩ። ይህን ሥጋ ግን ለጥሬ ክትፎ አትግዙት። የሚሸጠው ሊበስል ነው፤ ያው ማሽን የበጉንም የዶሮውንም ሊፈጭ ይችላል። አብስላችሁ ብሉት፤ በተለይ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ወይም የታመመ ሰው ያለበት ቤት ጥሬም ለብለብም አታቅርቡ።

8. ሒሳብና የጠርሙስ መያዣ

ከጣሳና አንድ ጊዜ ብቻ ከሚያገለግል ፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ 25 ሳንቲም መያዣ፣ «ፕፋንድ»፣ ይጨመራል። ደረሰኙ ላይ ከዋጋው በታች ለብቻው ሲመጣ አጭበረበሩኝ አትበሉ፤ ባዶውን ስትመልሱ ታገኙታላችሁ። ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጥ አይራንም ይህ መያዣ አለው። ክዳኑ የሚላጠው የአይራን ኩባያ ግን የለውም። ከ200 ካሬ ሜትር ያነሰ ሱቅ እሱ ራሱ የማይሸጠውን ምርት ባዶ ጠርሙስ ላይቀበል ይችላል፤ ያንን ትልቅ ሱፐርማርኬት ውሰዱት።

ደረሰኙን ከበር ሳትወጡ እዩ። አንድ ነገር ሁለቴ ከተመታ ያኔውኑ ይስተካከላል። የተበላሸ ነገር ከሸጡላችሁ፣ ጠረኑ የተለወጠ ሥጋ ወይም ያበጠ ቆርቆሮ፣ ከደረሰኙ ጋር መልሱ፤ መብታችሁ ነው። ያልተበላሸ ዕቃ ግን፣ እንደ በርበሬ ሳልሳው ያለ፣ በጀርመን ሕግ የመቀበል ግዴታ የለባቸውም፤ ያልተከፈተ ከሆነ በትሕትና ጠይቁ፣ ለደንበኛ የሚቀይሩ አሉ።

9. ቤት ስትደርሱ

ቀጥታ ሂዱ፤ ሥጋ ይዛችሁ ቡና ለመጠጣት ሰው ቤት አትግቡ። የተፈጨውን በዚያው ቀን አብስሉ ወይም በረዶ ቤት አስገቡ። የቆርቆሮ ሳልሳ ከተከፈተ በኋላ በቆርቆሮው አይቆይም፤ ወደ ብርጭቆ ዕቃ ገልብጡት፣ ላዩን በዘይት ሸፍኑና ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡ። ካራላሃናውን ሳታጥቡ በወረቀት ጠቅልሉ። ሽንኩርቱን ከጆንያው አውጥታችሁ አየር ያለበት ቦታ አስፉት፣ ከድንች ርቆ።